የክራፕስ (የዳይስ ቁማር) ጠረጴዛው ተገለበጠብኝ፤ ወደ ዶንት ፓስ (ወርዋሪው ይሸነፋል ብሎ ማስያዝ) ልዙር?

የሌሊት ሹፌር፦ ቬጋስ ነኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው፣ ቶሎ መልሱልኝ። በ600 ዶላር ጀምሬ 220 ቀርቶኛል። መጀመሪያ ሦስት ሹተሮች (ዳይስ ወርዋሪዎች) ሳይሸነፉ ረጅም ወረወሩ፤ ፓስ ላይን (ወርዋሪው ያሸንፋል የሚለውን) ይዤ በላሁ። ከዚያ አምስት ሹተር በተከታታይ ፖይንት (ከ7 በፊት መድገም ያለበትን ቁጥር) ባወጣ በሦስት ውርወራ ውስጥ 7 እየጣለ ጠራረገኝ። 40 ውርወራ በወረቀት መዝግቤያለሁ። ትሬንዱ ተቀይሯል ማለት ነው?

ቀልደኛው፦ ጠረጴዛው ከቀዘቀዘ ጋቢ አልብሰው።

ማክ፦ ዶንት ፓስ ግባ። አምስት ሰቨን አውት (ከፖይንት በኋላ 7 መጥቶ ሹተሩ ሲወድቅ) አይተህ ምን ትጠብቃለህ?

የድሮ ዲለር፦ ልጄ፣ 11 ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜያለሁ። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አላቸው። ከነዚህ 7ን የሚሰጡት 6 ናቸው፤ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው 5፣ 4 እና 10 ደግሞ 3፣ 3። ይሄ ጠዋትም ማታም አይቀየርም። በየትኛውም ሦስት ውርወራ ውስጥ 7 ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 42 በመቶ ነው። አንተ «ተገለበጠ» ያልከው ተራ ነገር ነው። ወረቀቱን በተመለከተ፣ ባካራ (የካርታ ቁማር) ላይ ካዚኖው ራሱ መመዝገቢያና እስክሪብቶ በነፃ ያድላል። የሚጎዳው ቢሆን ይሰጥህ ነበር?

አሌክስ ዲሲ፦ ጋሼ፣ ይቅርታና አልስማማም። 2009 አትላንቲክ ሲቲ ቦርጋታ ውስጥ አንዲት ሴት በአንድ ተራዋ 154 ጊዜ ወርውራለች። ይሄ ትሬንድ ካልሆነ ምንድነው?

የድሮ ዲለር፦ እውነት ነው፣ ወርውራለች። ግን 20ኛው ላይ 154 እንደሚደርስ ማን አወቀ? ትሬንድ የሚለውን ስም ያገኘው ካለቀ በኋላ ነው።

ማክ፦ ዶንት ፓስ።

ሰላም፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። አሁን ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ አለህ?

የሌሊት ሹፌር፦ አዎ። ፓስ ላይን 15፣ 6 እና 8 ላይ 18፣ 18። ፖይንቱ 9 ነው።

ሰላም፦ ኧረ ተመለስ! ፓስ ላይኑ ፖይንት ከወጣ በኋላ አይነሳም፣ እሱን ተወው። የ6 እና የ8ን ግን ዲለሩን «አውርድልኝ» በለው፤ 36 ዶላርህን ይመልስልሃል። ዶንት ፓስ የሚገባው ፖይንት ሳይኖር ነው፣ ያኔ ደግሞ 7 እና 11 ይበሉሃል። ካዚኖው ከፓስ ላይን በአማካይ ከ100 ዶላር 1.41 ይወስዳል፣ ከዶንት ፓስ 1.36። ለአምስት ሳንቲም ነው እንዴ የምትዞረው? የግድ ከተጫወትክ ፓስ ላይን ላይ ትንሹን አስይዝና ከኋላው ኦድስ (ፖይንት ከወጣ በኋላ የሚታከል ውርርድ) ጨምር። ጠረጴዛው ላይ ካዚኖው በአማካይ ምንም የማያተርፍበት ውርርድ እሱ ብቻ ነው። ግን ኦድስም ቢሆን ይበላል፣ 220ውን አትድፋበት።

ቀልደኛው፦ ከሽንት ቤት የሚመራ ኢንቨስትመንት።

አሌክስ ዲሲ፦ እኔ አሁንም ሹተሩን አይቼ ነው የምገባው። ዳይሱን ቀስ አድርጎ የሚወረውር ሰው ይለያል።

የድሮ ዲለር፦ ለዚህ እኮ ነው ግድግዳው ላይ ጉጥ ጉጥ ያለ ጎማ የተለጠፈው። ነክቶ ይመለስ ነው ሕጉ።

እማማ ሄለን፦ ልጄ፣ 220ው የምን ብር ነው?

የሌሊት ሹፌር፦ የኪራይ። ሳምንት አለው ገና።

እማማ ሄለን፦ በል ከሽንት ቤቱ በቀጥታ ወደ መኪናህ ሂድ።

የሌሊት ሹፌር፦ ተመልሻለሁ። 9ኙ ወጣ!!! ሹተሩ አሁንም ያው ነው። ስልክ ከጠረጴዛው አንሳ እያሉኝ ነው፣ መጣሁ።

ሰላም፦ 6 እና 8ን አወረድክ?

ማክ፦ ዶንት ፓስ ገባህ?

እማማ ሄለን፦ ልጄ?

ቀልደኛው፦ ነገ ታክሲ የምትጠሩ፣ ሹፌሩን ጠይቁልን።