ሲሞቅ የሚቀላው 6ኤል6፦ ቲዩብ ልለውጥ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ስድስት አውታር፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ማታ ማታ ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። አምፕሊፋየሬ ባለ 40 ዋት ኮምቦ ነው፣ ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ድምፁን የሚያጎሉት ሁለት 6ኤል6 ጂሲ የመስታወት ቲዩቦች ከኋላው ወደ ታች ተንጠልጥለውበታል። እኅቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣች ስለሆነ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው። መርካቶ በገዛሁት፣ 220ውን ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው የማስነሣው።

መጀመሪያ ሲነሣ ድምፁ እንከን አይወጣለትም። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን በእግር የሚረገጠው የቻናል መቀየሪያ መታዘዝ ያቆማል፤ ሪቨርቡም (የማስተጋባት ድምፁ) አብሮ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ እየደከመ ይሄድና ወፍራም ጉርምርምታ ይጀምራል። ባለፈው ከኋላ ሳጮልቅ የግራው ቲዩብ ቀልቶ አየሁት። ሁልጊዜ የሚበራው ክር አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ራሱ ነው የቀላው። አጥፍቼው ሲበርድ ሁሉም ወደ ጤናው ይመለሳል። አንድ ሠራተኛ «ቲዩቦቹ አርጅተዋል፣ ጥንዱን ለውጥ» አለኝ። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ድሬ ሳውንድ፦
ወንድሜ፣ እኛ ድሬዳዋ በሙቀት ተፈትነናል። ሠርግ ላይ ድንኳን ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ፣ ከመድረኩ ሥር የሚነሣው ወላፈን ተጨምሮበት አምፕሊፋየሩን እንቁላል መጥበሻ ያደርገዋል። ከኋላ በኩል ማራገቢያ ግጠምለት፣ ከኮምፒውተር የወጣም ቢሆን ይበቃል። ግማሹ ችግር በዚያው ይሄድልሃል።

የፒያሳው ራዲዮ ሠሪ፦
ማራገቢያውን እንመለስበታለን። ቀይ ቲዩብ በማራገቢያ አይድንም።

ልጄ፣ በመጀመሪያ በዚያ ቲዩብ ሌላ ምሽት እንዳትጫወት። 6ኤል6 ጂሲ በፕሌቱ፣ ማለትም ቀልቶ ባየኸው ግራጫ ብረት፣ ላይ እንዲሸከም የተፈቀደለት ሙቀት 30 ዋት ነው። ብረቱ በዓይን የሚታይ ቀለም ካወጣ ያ ወሰን ታልፏል ማለት ነው። ዝም ካልከው ቀጥሎ የሚቃጠለው የስክሪኑ (በቲዩቡ ውስጥ ከፕሌቱ በፊት ያለው ወንፊት) ሬዚስተር ነው፤ ከዚያ ፊውዙ ይበጠሳል። ፊውዙን አንዱ ብልጥ በሽቦ ተክቶት ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ይከተላል። በሲጋራ ፓኬት የብር ወረቀት ተጠቅልሎ የመጣልኝ ፊውዝ አለ፤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ለሚጠራጠር ሰው አሳያለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ከገለጽከው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይታዩኛል። ሁለቱንም የሚቀሰቅሳቸው ሙቀት ስለሆነ አንድ መስለው ነው የመጡት።

የመጀመሪያው የቻናሉና የሪቨርቡ ነው። እንዲህ ባለው ኮምቦ ውስጥ ቻናል የሚቀይሩት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) እና ሪቨርቡን የሚነዱት ትንንሽ አይሲዎች የሚመገቡት ከቲዩቦቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይደለም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 15 ወይም 16 ቮልት የሚሆን የራሳቸው ምንጭ አላቸው። ያ ቮልቴጅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሁለት ባለ 5 ዋት ሬዚስተሮችና በሁለት ዜነር ዳዮዶች ነው። ብትጫወትም ባትጫወትም ማብሪያው እስከተነሣ ድረስ ሬዚስተሮቹ ይግላሉ። ዓመታት ሲያልፉ ከሥራቸው ያለው ቦርድ ይጠቁራል፤ እግራቸውን የያዘው ብየዳ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይሰነጠቃል። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይላቀቃል። አንተ «ሲበርድ ይመለሳል» ያልከው ይህንን ነው።

ከፍተህ ሁለት ነጫጭ፣ አራት ማዕዘን የሆኑ የሴራሚክ ሬዚስተሮች ፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ 470 ኦም ናቸው። መፍትሔው በላዩ ላይ ሊድ መጨመር አይደለም። አሮጌውን ብየዳ ሙሉ በሙሉ ምጠጥ፣ ሬዚስተሮቹን በአዲስ ለውጥ፣ ስትተክላቸውም ከቦርዱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋቸው፤ ከሥራቸው አየር ይለፍ። የቦርዱ መዳብ ተላቅቆ ከሆነ እስከሚቀጥለው ነጥብ ድረስ በሽቦ አገናኘው። «ባለ 10 ዋት ብተክል አይሞቅም» የሚል ሰው ይመጣብሃል። የሚወጣው ሙቀት ያው ነው፣ የሚሰራጭበት አካል ብቻ ሰፋ ይላል። ኦሙን ከፍ አድርገህ ልታቀዘቅዘው ብትሞክር ደግሞ ዜነሮቹ ቮልቴጁን መያዝ ያቅታቸዋል፣ ሪሌዎቹም ይንቀጠቀጣሉ።

ሁለተኛው የቀላው ቲዩብ ነው። ምንም ሳትገዛ የምታደርገው ምርመራ አለ። አጥፋ፣ ይብረድ፣ ሁለቱን 6ኤል6 ቦታ አለዋውጥ፣ ከዚያ ዓይንህን ሳትነቅል ጥቂት ደቂቃ አስነሣው። ቅላቱ ከቲዩቡ ጋር ወደ ቀኝ ከሄደ ሠራተኛህ ልክ ነው፣ ቲዩቡ አልቆለታል። እዚያው ግራ ከቀረ ግን ጥፋቱ የሶኬቱ ወይም ከሶኬቱ በፊት ያለው ዕቃ ነው። በአዲስ ጥንድ ያወጣኸውን ገንዘብ በአንድ ምሽት ታቃጥለዋለህ።

ግራ ከቀረ ቲዩቡ የሚስበውን ወደሚቆጣጠረው ግሪድ ሂድ፤ የሶኬቱ 5ኛ እግር ነው። ሁለቱን 6ኤል6 አውጣ፣ ትንንሾቹን ቲዩቦች እዚያው ተዋቸው፣ አስነሣና በሁለቱም ሶኬቶች 5ኛ እግር ላይ ቀጥታ ቮልቴጅ ለካ። ሁለቱም እኩል ኔጋቲቭ መሆን አለባቸው፣ 45 ወይም 50 አካባቢ። ያ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ፣ ባያስ የሚባለው፣ የቲዩቡ ልጓም ነው፤ ሲላላ ቲዩቡ ያለ ልክ ይስባል። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ ይዘህ ወደ ግሪዱ ድምፅ የሚያሻግረውን ካፓሲተር ቀስ እያልክ አሙቀው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ እየወጣ ከሄደ ካፓሲተሩ ሲሞቅ ያፈሳል። ካልነቃነቀ ባያሱን የሚያመጣውን 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ብየዳውን ተመልከት፤ ቀጥሎ የሶኬቱን ጥርስ። ሙቀት ጥርሱን ያላላዋል፣ 5ኛው እግር በደንብ ካልተያዘ ደግሞ ልጓሙ ተበጠሰ ማለት ነው።

አደጋውን ሳልነግርህ አላልፍም። ከመሰኪያው ነቅለኸውም ቢሆን ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። በካቻቢቴ አገናኝተህ አታባርቀው፤ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አድርገህ አፍስስ፣ በሜትር ለክተህ ዝቅ ማለቱን ካረጋገጥክ በኋላ እጅህን አስገባ። በተነሣበት ስትለካ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ይህንን ለማድረግ ከፈራህ ጥሩ ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጠው፤ ግን ምን እንዲለካልህ ነግረህ ስጠው።

ከስልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ ካሉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ስድስት አውታር፣ የአምፕሊፋየርህን የጀርባ ሰሌዳ አንብብ። «50/60 ኸርዝ» ካለ አትጨነቅ። «60 ኸርዝ» ብቻ ካለ ግን ዋናው ትራንስፎርመር የተሠራው ለእዚህ ለአሜሪካ ነው፤ እናንተ ጋር ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። የምታወርድበት ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በተመሳሳይ ቮልት ኸርዙ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ የብረት ልቡ የሚሸከመው መግነጢስ በ20 በመቶ ይጨምራል፣ እሱም ሙቀት ነው። ደግነቱ የአንተ 120 ሳይሆን 110 ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ጭማሪው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ለዘመድ ሲልኩ ይህንን አያዩም፣ ዋጋውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ጭንቅላቴ ዐረፈ፦
ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ግዛና ተገላገል። ከ1975 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየተሠራ ነው፣ ቲዩብ የለው፣ ቅላት የለው። ለትዝታ የሚሆን ንጹሕ ድምፅ ደግሞ ከእሱ በላይ አላውቅም።

የፒያሳው ራዲዮ ሠሪ፦
ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ልጁ የጠየቀው ግን ስላለው ዕቃ ነው። የስልቨር ስፕሪንጉ ያልከው ስሌት ልክ ነው። 110 መሆኑ የቲዩቦቹን ማሞቂያ ከ6.3 ወደ 5.8 ቮልት ገደማ ያወርደዋል፣ እሱም ከሚፈቀደው 10 በመቶ ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም። 120 የሚያወጣ ሌላ ትራንስፎርመር እንዳትገዛ።

ስድስት አውታር፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ጎረቤቴ ጋር ወስጄ ያሉኝን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ቲዩቦቹን ብናለዋውጣቸውም ቅላቱ እዚያው ግራ ቀረ። ሲቀዘቅዝ ሁለቱም 5ኛ እግሮች 47 ኔጋቲቭ ነበሩ። ማድረቂያውን ካፓሲተሩ ላይ ስንይዘው ግን የግራው እየወጣ 29 ደረሰ፣ የቀኙ አልተንቀሳቀሰም። ነጫጮቹ ሬዚስተሮች ሥር ቦርዱ እንዳሉት ጠቁሯል፣ አንደኛው እግር ላይ ስንጥቁ በማጉያ መነጽር ይታያል። ፕሌቱ ላይ 405 ቮልት አለ። ሰሌዳው ላይ «60 ኸርዝ» ብቻ ነው የተጻፈው።

ካፓሲተሩን ስለውጥ የግራውን ብቻ ልለውጥ? ጉርምርምታውስ ከምን መጣ?

የፒያሳው ራዲዮ ሠሪ፦
ጎረቤትህ ደህና ሰው ነው፣ ሜትር የሚይዝ ሠራተኛ አትልቀቅ።

ሁለቱንም ካፓሲተር ለውጥ። አብረው ተሠርተው፣ አብረው በአንድ ሙቀት የኖሩ ናቸው። ላያቸው ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ ጠብቅ፣ 0.1 ሳይሆን አይቀርም፤ ቮልቱን ግን ወደ 630 ከፍ አድርግ፣ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ነቅሎ መትከል የሚወድ ካለ እጁን ያዘው።

ጉርምርምታው የቅላቱ ልጅ ነው። ሁለቱ ቲዩቦች በተቃራኒ ስለሚሠሩ እኩል ሲስቡ የኃይል ምንጩ ጉርምርምታ በአውትፑት ትራንስፎርመሩ ውስጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱ ሲስገበገብ ሚዛኑ ይፈርስና ይሰማሃል። ካፓሲተሮቹ ተለውጠውም ካልጠፋ ያን ጊዜ ማጣሪያዎቹን እንጠረጥራለን።

ቲዩቡ እየቀላ ብዙ ስለቆየ በሶኬቶቹ 4ኛ እግር ላይ ያሉትን የስክሪን ሬዚስተሮች ለካ። 470 ኦም የተጻፈበት 600 ወይም 700 ካሳየህ ጣለው፤ የሚተካው እሳት የማይዝ ዓይነት ይሁን። ሶኬቱም በ3ኛው እግር ዙሪያ ጥቁር የከሰል መስመር ካለው አይጸዳም፣ ይለወጣል፤ አንዴ ብልጭታ የሄደበት መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ይጠራዋል።

በመጨረሻ ባያሱን አስተካክል። ከ30 ዋቱ 70 በመቶ 21 ዋት ነው፤ ለ405 ቮልት ሲካፈል በአንድ ቲዩብ 52 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው። አንዳንዱ ጊታሪስት ጣሪያው ላይ ካልተንጠላጠለ ድምፅ የማይወጣለት ይመስለዋል። አንተ በየምሽቱ ለረጅም ሰዓት የምትጫወት ሰው ስለሆንክ 38 ላይ አስቀምጠው፣ ጆሮህ በልዩነቱ አይከስህም። የግራው ቲዩብ ከዚያ ሁሉ ግለት በኋላ ከቀኙ ጋር በጥቂት ሚሊአምፔር ልዩነት የሚቆም ከሆነ ተጠቀምበት። ከ10 በላይ ከተራራቁ ጥንድ መግዛትህ አይቀርም። ቢሆንም አሁን ብትገዛ አዲሶቹ አይቃጠሉብህም።

ድሬ ሳውንድ፦
ማራገቢያዬ ተረሳች?

የፒያሳው ራዲዮ ሠሪ፦
አልረሳኋትም። የቲዩቡ መስታወት ሙቀት ይችላል፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ማራገቢያ የሚጠቅመው ከላይ ላለው ቻሲስ ነው። ቲዩቦቹ ሲንጠለጠሉ ሙቀታቸው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹን ያገኛቸዋል፤ እነሱ ደግሞ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቀስ ብላ የምትዞር፣ ድምፅ የሌላት ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ስባ እንድታወጣ አድርጎ መግጠም ለአንተ ለድሬዳዋው ግዴታ ነው። ለአዲስ አበባውም ክፉ አይደለም። ብርዱን አትመኑት፤ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። ለ60 ኸርዙ ትራንስፎርመርም ትረዳዋለች።

ስድስት አውታር፦
ሁሉንም ነገር ጎረቤቴ ይዞታል፣ ካፓሲተሮቹ ሲገኙ ይገጥማቸዋል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በእረፍት ሰዓት ስታንድባይ ላይ ላድርገው ወይስ ላጥፋው? መድረካችን ላይ አምፕሊፋየሩ ከኋላው ካለው ከባድ መጋረጃ ጋር ተጠግቶ ነው የሚቆመው።

የፒያሳው ራዲዮ ሠሪ፦
ለሩብ ሰዓት እረፍት ስታንድባይ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ አጥፋው፤ ስታንድባይ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ይቆርጣል እንጂ የቲዩቦቹን ማሞቂያም ሆነ እነዚያን ሁለት ነጫጭ ሬዚስተሮች አያሳርፍም። መጋረጃውን ግን ዛሬውኑ ከኋላው አንሡት፤ ካልተቻለ አምፕሊፋየሩን አንድ ክንድ ወደ ፊት አውጣው። ድምጻዊው ቦታ ጠበበኝ ቢል እሱ ይጠጋ።