ጥቆማ፦ ለጋሪ ፈረስ እከክ የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ደብረ ብርሃን ላይ ከማን ልግዛ?

የጠባሴ ባለጋሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፈረሴ የኋላ እግሩን በጥርሱ እያከከ አስቸገረኝ። ሌሊቱን መሬት ሲደበድብ ያድራል። ከሰኮናው በላይ ያለው ፀጉር ረግፎ ወፍራም ቅርፊት ይዟል። ሁለት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቄ ነበር። አንዱ ዲያዚኖን፣ ሌላው የአይቨርሜክቲን መርፌ አሉኝ። የትኛው ይሻላል? ከማንስ ልግዛ?

ሰው ለሰው፦
ገበያው አጠገብ አረንጓዴ በር ያለው መድኃኒት ቤት ሂድ። ሌላ ጋ እንዳትለፋ። አባቴም እኔም ከእሱ ሌላ አናውቅም።

ባለ ሁለት ጋሪ፦
ወንድሜ፣ መርፌውን እንዳታስነካው! ለእኔ የከብቱን አይቨርሜክቲን «ያው ነው» ብለው ሸጡልኝ። አንገቱ ላይ ተወጋ። ሲነጋ አንገቱ አብጦ ሣር ለመጋጥ ጎንበስ ማለት አቃተው። ከዚያ መግል ቋጠረ። ጋሪው ቆመ፣ የቤት ኪራይ ግን አልቆመም። ሻጩ ጋ ስመለስ «ፈረስህ ደካማ ስለሆነ ነው» አለኝ።

የወይንሸት ልጅ፦
ኧረ በስመ አብ! ፈረሱ ተረፈ? የት ነው የሸጡልህ?

ባለ ሁለት ጋሪ፦
ተርፏል፣ ተመስገን። ስም አልጠራም። ግን ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ ላይ «ለፈረስ» የሚል ካላየሁ አልገዛም።

ሰው ለሰው፦
አረንጓዴው በር እንደዚያ አያደርግም።

ታዛቢ፦
ሰውየው መድኃኒት ነው የጠየቀው፣ አንተ በር ትመርጥለታለህ። አረንጓዴ ቀለም እከክ የሚያድን ከሆነ እኔም በሬን ልቀባ።

የሞጆ ፈረሰኛ፦
ይሄ ቢቼ የሚባለው የፈረስ በሽታ ነው የሚመስለኝ። የእኔም እግሩ ላይ ነው የጀመረው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዚያ ውሰደው።

የወይንሸት ልጅ፦
ከደብረ ብርሃን ቢሾፍቱ ፈረስ ተጭኖ ነው የሚሄደው? የመኪናው ዋጋ ሌላ ፈረስ ይገዛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
ቢቼ እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ እንዲህ አያሳክክም። ሌሊት መሬት የሚያስደበድበው ብዙ ጊዜ የእግር እከክ ነው። እከኩን የሚያመጣው ተባይ ቆዳ ውስጥ አይገባም፣ ላይ ላዩን ሆኖ የሚረግፈውን ቆዳ ይበላል። ስለዚህ በአፍም ሆነ በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት በደንብ አያገኘውም። ፀጉሩን ቁረጥ፣ ቅርፊቱን በሞቀ ውኃና ሳሙና አርሰህ አንሣ፣ አድርቀው። ከዚያ የኖራና የድኝ ውህድ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ወር ያህል ይታጠብበት። ቅርፊቱ ካልተነሣ መድኃኒቱ ከላይ ይቀራል።

ከራስና ከአንገት ጀምሮ ገላውን የሚያዳርሰው ሌላ ዓይነት እከክ ነው። ለእሱ የፈረስ አይቨርሜክቲን ፓስት በአፍ ይሰጣል፣ በ14 ቀኑ ይደገማል። መጠኑ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ሚዛን ከሌለህ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለካ፣ በራሱ አባዛው፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ ወደ 214 ኪሎ ነው።

ዲያዚኖን የነርቭ መርዝ ነው፣ የሚያጥበውንም ሰው ይጎዳል፣ በግምት አይበጠበጥም። አሚትራዝ የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ደግሞ ፈረስ አጠገብ አታድርሰው። አንጀቱን ያቆመዋል፣ በቁርጠት ይሞትብሃል።

የጋሪ ወዳጅ፦
የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ አለቀ። በነፃ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
የተቃጠለ ዘይት ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ይልቅ ቅርፊቱን አስፍቆ በማይክሮስኮፕ ማስታየት ይሻላል። ዞን ወይም ወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቅ። አብረውት የሚያድሩት ፈረሶችም አብረው ይታከሙ። ተባዩ ከፈረሱ ወርዶ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ጉዝጓዙን ጠርገህ አቃጥል፣ ልጓሙንና የጋሪውን ማሰሪያ እጠብ፣ ብሩሽ አትዋስ። የገላው እከክ ደግሞ ወደ ሰው ይጋባል፣ ልጆች እንዳይነካኩት።

ባለ ሁለት ጋሪ፦
ይሄን ያኔ የነገረኝ ቢኖር! ዶክተር፣ እድሜ ይስጥልን።

የጠባሴ ባለጋሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ በጎቼም ያካሉ። ፓስቱን ለእነሱ መስጠት ይቻላል?

የእንስሳት ሐኪም፦
አይ፣ ፓስቱ ለፈረስ የተለካ ነው። ለበግ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ አለ። ከሰጠኸው በኋላ ግን ለእርድ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ጠርሙሱ ላይ አንብብ። ለበዓል ያሰብከው በግ ካለ አሁኑኑ ለየው።