ለ12 ቀን ሥልጠና የሸንገን ቪዛ፦ ተበድሬ የባንክ ሒሳቤን ላሳድግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራዬ ጋር በቀጥታ የተያያዘ የ12 ቀን ሥልጠና በአንድ የሸንገን (በጋራ ቪዛ የሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች ቡድን) አባል አገር እንድከታተል ተመርጫለሁ፤ የግብዣ ደብዳቤውም ደርሶኛል። የሥልጠናውንና የመኝታውን ወጪ አዘጋጁ ተቋም፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና የውሎ አበሉን ደግሞ መሥሪያ ቤቴ ይችላሉ። ለጉዞው የቀረኝ 5 ሳምንት ብቻ ነው፤ ከአገር ወጥቼ ስለማላውቅም የማማክረው ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ፣ በባንክ ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ከዘመድ ተበድሬ ዳጎስ ያለ ገንዘብ እንዳስገባና የሒሳብ መግለጫውን ካወጣሁ በኋላ እንድመልስ መክሮኛል። ይህ ያዋጣል? የቪዛ ማመልከቻዬን እስከማስገባበት ቀጠሮ ድረስስ በምን ላይ ላተኩር?

መልስ 1

እባክዎ የጓደኛዎን ምክር አይከተሉ። ማመልከቻዎን የሚመረምረው ሰው የሚያየው የመጨረሻውን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የወራቱን እንቅስቃሴ ጭምር ነው። በየወሩ ደመወዝ ገብቶ ቀስ በቀስ በሚወጣበት ሒሳብ ላይ፣ ቀጠሮው 4 ቀን ሲቀረው የ10 ወር ደመወዝ የሚያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ገብቶ ሲያይ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እርስዎም እውነተኛ መልስ አይኖርዎትም። ደግሞስ ወጪዎ በሁለት ወገን ተሸፍኖ ሳለ ለምን? የሚያስፈልግዎት መሸፈኑ በማያሻማ ቃል መጻፉ ነው። የግብዣ ደብዳቤው «ተሳታፊውን እንቀበላለን» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ እንዲያስተካክሉልዎት ይጠይቁ፤ ሥልጠናው የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሚያርፉበትን አድራሻና የሚሸፈንልዎትን ወጪ ይዘርዝር። የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ደግሞ የሥራ መደብዎን፣ የተቀጠሩበትን ጊዜ፣ ደመወዝዎን፣ ፈቃድ የተሰጠዎት መሆኑን፣ ትኬቱንና አበሉን ማን እንደሚከፍል፣ በመጨረሻም ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን ይግለጽ። መርማሪው ከሁሉ አብልጦ ማወቅ የሚፈልገው ተመልሰው መምጣትዎን ስለሆነ፣ ይህችን የመጨረሻ መስመር እንዳይረሷት።

ጊዜው ግን ያሳስበኛል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት የሚቻል ሲሆን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ውሳኔው በአጠቃላይ ደንቡ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. መደበኛውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል። ለእርስዎ የቀረው 35 ቀን ነውና ቀጠሮውን ዛሬውኑ ይያዙ፤ ደብዳቤዎቹን እስከዚያው ያሳርማሉ።

መልስ 2

እኔ ለ1 ሳምንት ሥልጠና አመልክቼ ተከልክያለሁ፤ ያቀረብኳቸው ወረቀቶች በሙሉ እውነተኛ ነበሩ። ችግሩ እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነበር። ግብዣው ከሰኞ እስከ ዓርብ ይላል፤ ትኬቱ እሑድ ገብቼ በሚቀጥለው ረቡዕ እንደምመለስ ያሳያል፤ የጉዞ የሕክምና መድን ዋስትናው ሰኞ ጀምሮ ዓርብ ያበቃል፤ ከዓርብ በኋላ የት እንደማድር የሚናገር ወረቀት ግን አንድም አልነበረም። በክልከላው ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበት ምክንያት የቆይታዬ ዓላማና ሁኔታ በበቂ አለመረጋገጡን የሚገልጽ ነው። በጣም አዝኜ ነበር፤ ማታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቀኖቹን በቀይ እስክርቢቶ ሳሰምር ግን መርማሪው ያየውን አየሁ። ለቀጣዩ ዙር ሁሉንም አስማምቼ አመለከትኩና ተፈቀደልኝ። የቀድሞውን ክልከላ አልደበቅሁም፤ ክልከላ በሸንገን የቪዛ መረጃ ቋት ውስጥ ለ5 ዓመት ስለሚቆይ መደበቁ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆናል።

ስለዚህ ዋስትናዎ ከሚገቡበት ዕለት እስከሚወጡበት ዕለት ያለውን ጊዜና መላውን የሸንገን ግዛት ይሸፍን፤ መጠኑም ከ30,000 ዩሮ አይነስ። ፓስፖርትዎ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆኑንም ይመልከቱ።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የብድሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ሥልጠናው ሲያበቃ በሌላ የሸንገን አገር የምትኖረውን እህቴን ለ3 ቀን ልጠይቃት አስቤ ነበር። ልግለጸው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ 1

ይግለጹት። ዋናው መድረሻዎ ሥልጠናው ያለበት አገር ስለሆነ የሚያመለክቱት ለዚያው አገር ነው፤ መደበኛው የሸንገን ቪዛም በሌሎቹ አባል አገሮች ያገለግላል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎ ፈቃድም ሆነ ዋስትናው እነዚያን 3 ቀናት መጨመር አለበት፤ እህትዎም እንደምታሳርፍዎት የሚገልጽ ደብዳቤና የመኖሪያ ፈቃዷን ቅጂ ትላክልዎት። ለማረፊያ የራሱን ቅጽ የሚጠይቅ አገርም ስላለ፣ የሚያመለክቱበት ኤምባሲ ያወጣውን የሰነድ ዝርዝር ያንብቡ። ቪዛው ሲሰጥዎት ደግሞ የተፈቀደልዎትን የቆይታ ቀን ብዛት እዚያው ቆመው ይቁጠሩ፤ የሚገቡበትም የሚወጡበትም ዕለት እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራሉ።