የመተሐራ ሶላር፦ ረቂቁ በምን ይጀምር?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጣሊያኑ የኃይል ኩባንያ ኤኔል በ2010 ዓ.ም. ጨረታውን ያሸነፈበት፣ እዚህ መተሐራ ሊተከል የነበረው የ100 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሳይተከል ቀርቷል። ግን ፀሐዩ የትም አልሄደም፣ ነገ ሌላ ኩባንያ ይመጣል። ያኔ የምናቀርበው የጋራ ሐሳባችን ቀድሞ ይዘጋጅ ብዬ ነው። የላክሁት ረቂቅ በሥራ ዕድል ይጀምራል። ምን ትላላችሁ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ኧረ ሥራ ዕድሉን ወደ ታች አውርጂው! ሶላር ብዙ ሰው የሚፈልገው ሲተከል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥበቃ፣ ጽዳትና ጥቂት ቴክኒሻን ነው። ወጣቱን ተስፋ አስጨብጠን በኋላ የምንሰደበው እኛው ነን።

ሽማግሌው፦ ልጆች፣ ዋናው አጥሩ ነው። ለ1 ሜጋዋት ወደ 2 ሄክታር ከተያዘ 200 ሄክታር ታጠረ ማለት ነው። እኔን ግን ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የት ይታጠራል የሚለው ነው። የከረዩን አርብቶ አደር በአንድ በኩል የሸንኮራ እርሻው፣ በሌላ በኩል የአዋሽ ፓርክ ከወንዙ ዳር ገፍተውታል፣ የበሰቃ ሐይቅም እየሰፋ ግጦሹን በላው። የቀረችው ከብቱና ግመሉ ወደ ውሃ የሚወርዱባት መንገድ በሽቦ ከተዘጋች ካሳው ምን ያደርግልናል?

የሕግ ተማሪዋ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ሕገ መንግሥቱም አለ። አንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። 92(3) ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን ይግለጽ ይላል። ሐሳብ የሚጠየቀው ካርታው ላይ መስመር ከመሰመሩ በፊት ነው እንጂ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ለስላሳ አጠጥቶ፣ አበል ከፍሎ ማስፈረም ምክክር አይባልም። የወል መሬት ካሳ ደግሞ ማን እጅ ይገባል? እሱም ይጻፍ።

ወጣቱ አባል፦ ፓኔሉ ሥር ማሰማራት አይቻልም?

ኤሌክትሪሻኑ፦ በግ ይቻላል። ፍየል ገመድ ትበላለች፣ ፓኔሉም ላይ ትወጣለች። ግመልማ አታስበው 😀 ውሃም ይጨመር፦ አቧራ ሲይዘው መታጠቡ አይቀርም፣ ውሃው ከየት ይቀዳል? ሌላው፣ ኃይሉ በከፍተኛ መስመር ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል፣ ከአጥሩ ጎን ያለው ቀበሌ ግን ጨለማ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ማኅበራዊ ድጋፍ» ብለን አንለፈው። ትራንስፎርመር ብለን፣ ቀበሌውንም በስሙ ጠቅሰን እንጠይቅ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አጥሩን አንደኛ አደርገዋለሁ። ጋሼ፣ የበጋውንና የክረምቱን መንገድ ለልጆቹ ያሳዩልን፣ በስልካቸው ጂፒኤስ ይመዝግቡት።

የሕግ ተማሪዋ፦ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችም ይጠየቁ። የእነሱ መንገድ ከከብቱ ይለያል። እኔ አብሬ እወጣለሁ።