ለመልቲካስት ስንት መካከለኛ ስዊቾች ይበቃሉ?

512 መግቢያና 512 መውጫ ያለው ባለሦስት እርከን የክሎስ መረብ (መግቢያዎችን ከመውጫዎች ጋር በመካከለኛ ስዊቾች በኩል የሚያገናኝ የስዊች መረብ) እየነደፍኩ ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው እርከን ባለ 16 መስመር ስዊቾች በእያንዳንዱ እርከን 32 አሉ። ለአንድ ለአንድ ግንኙነት ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳየው ስሌት ግልጽና ውብ ነው፦ በመነሻው በኩል 15፣ በመድረሻው በኩል ሌሎች 15 መካከለኛ ስዊቾች ቢያዙ እንኳ 31ኛው ነፃ ስለሚሆን ነባር ጥሪዎችን ሳናዛውር አዲሱን ማገናኘት እንችላለን።

የተቸገርኩት በመልቲካስት፣ ማለትም አንድ መግቢያ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ መውጫዎች ሲልክ ነው። ለአንዱ መድረሻ ነፃ የሆነው መካከለኛ ስዊች ለሌላው ተይዞ ሊገኝ ስለሚችል 31 አይበቃም። በየእርከኑ ምልክቱ መባዛት እንደሚችል ወስጄ አንድ ጥሪ ቢበዛ በሦስት መካከለኛ ስዊቾች እንዲያልፍ ስፈቅድ፣ የ32 (የመውጫ ስዊቾቹ ብዛት) ሣልሳዊ ሥር በ3 ላይ ተደምሮ ድምሩ በ15 ሲባዛ 92.6 ገደማ ስለሚሆን 93 ያስፈልጋሉ፤ የመገናኛ ነጥቦቹም (በስዊቾቹ ውስጥ የመግቢያና የመውጫ መስመሮች የሚገናኙባቸው ማብሪያዎች) በ31 ስዊቾች ከነበሩት 63,488 ወደ 190,464 ያድጋሉ።

ሆኖም በእኔ ሥርዓት አንድ ጥሪ ከአራት የመውጫ ስዊቾች በላይ ፈጽሞ አይደርስም። ታዲያ በቀመሩ 32ን በ4 ተክቼ፣ መንገዱንም በሁለት መካከለኛ ስዊቾች ገድቤ 61 ብቻ ብጠቀም፣ መረቡ በማንኛውም የጥሪ ቅደም ተከተል ከመታገድ (መውጫው ነፃ ሆኖ ሳለ መንገድ ከማጣት) ነፃ ይሆናል? ማረጋገጫውን ወይም ይህን የሚያፈርስ ምሳሌ የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።