ከልጆችና ከውሻ ጋር ቢሾፍቱ አካባቢ ሐይቅ ዳር ለማደር፦ ካያክ፣ ዓሣ ማጥመድና ድንኳን

ጥያቄ፦ የገላኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን (9 እና 5 ዓመት) ጋር ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ለማደር አስበናል። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻችንም አብሮን ይሄዳል። በአየር የሚነፋ የሁለት ሰው ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) አለን፤ 180 ኪሎ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ከገላን ብዙ ሳንርቅ የት ይሻላል? ካያኩ ላይ ስንት ሆነን እንውጣ? የትኛው ዓሣ በምን ይያዛል? ውሻውንስ እንዴት እናድርገው? ባለቤቴ ደግሞ ማታ አምባዛ ማጥመድ ይፈልጋል።

መልስ፦ ሐይቅ ወዳድ
እህቴ፣ ቅርብ ያለ ውሃ ሁሉ አይሆንም። ገፈርሳና ለገዳዲ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ስለሆኑ እነሱን እርሺያቸው። አባ ሳሙኤል ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ግን የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው። ቆቃ ዓሣ ሞልቶታል፤ ጉማሬና አዞም አለበት። በሚነፋ ጀልባ ልጅ ይዞ የሚገባበት ውሃ አይደለም።

ስለዚህ ቢሾፍቱ ይቀራል፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቆቹ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ባቦጋያን እመርጣለሁ። ዳርቻው በአብዛኛው በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ስለተያዘ ግቢ ውስጥ ተፈቅዶ ነው የሚታደረው። አስቀድመሽ ስትደውዪ ሦስት ነገር ለየብቻው ጠይቂ፦ ድንኳን መትከል፣ የራስን ካያክ ማውረድ፣ ውሻ ማስገባት። «ችግር የለም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ለድንኳኑ ብቻ ነው።

ቀኑን ወደ መስከረም መጨረሻ ካመጣችሁት ኢሬቻ እዚያው ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ የሚከበርበትን ሳምንት ዝለሉት፤ መንገዱም ማረፊያውም ይሞላል።

መልስ፦ ቀዛፊው
ከክብደቱ ልጀምር። 180 ኪሎ የተባለው ጀልባው ሳይሰምጥ የሚችለው እንጂ በደንብ የሚቀዘፍበት አይደለም። ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 135 ኪሎ ያህል፣ ጣሪያ አድርጉት። አባት 75፣ ትልቁ ልጅ 28፣ ዕቃ 10 ቢሆን 113 ኪሎ ነው፤ ጥሩ ነው። ውሻው ሲጨመር 138 ይሆናል፤ ያልፋል። ስለዚህ ወይ ልጅ ወይ ውሻ፣ በተራ። አምስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ዓሣ እየተጠመደ እያለ አይውጣ፤ መንጠቆ ሲወረወር የሚጎነበስበት ቦታ የለም።

ካያኩን ሐይቁ ዳር ድረሱና እዚያው ንፉት። ቤት ተነፍቶ መኪና ላይ ታስሮ ፀሐይ ከመታው አየሩ ይወጠርና ስፌቱን ይለቀዋል። ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ አየሩ ቀዝቅዞ ይላላል፤ «ቀዳዳ አለው» ብላችሁ አትደንግጡ። አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ አቆዩትና እንደገና ሙሉት። መጠኑ በየክፍሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ የወለሉና የጎኑ ብዙ ጊዜ ይለያያል። ስትጨርሱ ከውሃ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ የምትተዉት ከሆነ ጥቂት አየር አስተንፍሱት።

የግራር እሾህ ዋናው ጠላት ነው። መሬት ላይ ሳትጎትቱ ለሁለት ተሸከሙት፤ የምትነፉበት ቦታ ላይ ሸራ ወይም ጆንያ አንጥፉ። ከተበሳ የሳሙና አረፋ ቀቡበት፤ የሚፈላው ቦታ ቀዳዳው ነው። ለጎሚስታ አትስጡት! የከመነዳሪ ማስቲሽ ለጎማ የተሠራ ስለሆነ ፒቪሲ በሚባለው የካያኩ ፕላስቲክ ላይ በነጋታው ይላቀቃል። የፒቪሲ ማጣበቂያና ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ክብ ልጣፊ ያዙ፤ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል አጽዱ፣ ሁለቱንም ቀቡ፣ ጣት ላይ መጣበቁ እስኪቀንስ ጠብቁና በኃይል ተጫኑት። አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላው አትንፉት። ስለዚህ ሙከራው ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ይደረግ።

ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው። ከዳሩ ጥቂት እንደተራመዳችሁ መሬቱ ይጠፋል፤ «እግሬ ይደርሳል» የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ውሃው አጠገብ እስካሉ ድረስ፣ መሬት ላይም ቢሆን፣ ላይፍ ጃኬት ይልበሱ። ልኩን ለማወቅ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ አገጭ ካለፈ ትልቅ ነው። ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ቀዝፋችሁ ጨርሱ። መጀመሪያ በነፋሱ ፊት ለፊት ሂዱ፤ ስትደክሙ ነፋሱ ይመልሳችኋል።

መልስ፦ ባለ መንጠቆው
እዚያ የምትይዙት በዋናነት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ መንጠቆው ቁጥር 8 ወይም 10 ይሁን። ትንሽ ቡሽ አስሩና ከቡሹ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መንጠቆው ይንጠልጠል፤ ከመንጠቆው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ክሩን ወደ ታች የምትስብ አንዲት ትንሽ የእርሳስ ብረት ትበቃለች። ትል ካገኛችሁ ከሁሉም ይሻላል። ካልተገኘ የስንዴ ዱቄት በእንቁላል ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩና የሽምብራ ፍሬ አሳክሉት። ቀጭን ሊጥ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ትልቅ መንጠቆ ላይ ደግሞ ቆሮሶ ሊጡን ለቅሞ ይሄዳል። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትሳቡ፤ ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰምጥ ሳቡ።

ብዙ ሰው ጥልቁ ላይ ትልቅ ዓሣ አለ ብሎ ወደ መሐል ይቀዝፋል። በእነዚህ ሐይቆች ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው ዓሣ አይኖርበትም። ከዳር 10 ወይም 15 ሜትር ርቃችሁ፣ ከደንገል ወይም ከወደቀ ግንድ አጠገብ ሁኑ። በብርድ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ነፋስና ቅዝቃዜ የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ሲያመጣው ዓሣ በብዛት ሞቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። ተንሳፎ ያገኛችሁትን አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ።

አምባዛን በተመለከተ ማታ ከካያክ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ከዳር ይሞክር፤ ክር 0.40፣ ጠንካራ መንጠቆ፣ የዶሮ አንጀት፣ መሬት ላይ የሚያስቀምጥ እርሳስ። ሲይዘው ከጎኑ ያሉትን ሁለት እሾሆች ይጠንቀቅ፤ ከጭንቅላቱ ኋላ በጨርቅ ይያዝ።

የተያዘውን ወዲያው ገድላችሁ አንጀቱን አውጡና በረዶ ላይ አድርጉት። ውሃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችኋቸው አራት ሃይላንዶች ለአንድ አይስ ቦክስ ይበቃሉ፤ ሲቀልጡም ይጠጣሉ።

መልስ፦ ሐይቅ ወዳድ
አንድ ነገር ልጨምር፤ መልህቅ ገዝታችሁ ከሆነ ገመዱን ለኩት። 10 ሜትር ገመድ እዚያ ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳላችሁ ታች አይደርስም። ደንገል ላይ ማሰር ይቀላል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪሟ
ስለ ውሻው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከአንድ ዓመት ካለፈው ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይከተብ፤ ካርዱን ያዙ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሻው አይጠጣው፣ አይዋኝበት፤ እንዲህ ያለው አረንጓዴ አንዳንዴ መርዛማ ስለሆነ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ከቤት ውሃ አምጡለት።

ካያክ ላይ የሚወጣው የራሱ ላይፍ ጃኬት ካለው ብቻ ነው። መጀመሪያ ካያኩን ግቢያችሁ ውስጥ ነፍታችሁ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉና «ተቀመጥ» አስለምዱት። በማሰሪያው ካያኩ ላይ አትሰሩት፤ ቢገለበጥ ከሥር ይቀራል። ማታ ውጭ አይታሰር፤ ጅብ አለ። ድንኳን ውስጥ ይደር፣ የዓሣ አንጀቱም በላስቲክ ታስሮ ከድንኳኑ ይራቅ። ሲመለስ መዥገሩን ከጆሮውና ከጣቶቹ መሐል ፈልጉ።

ሰዎቹም ብትሆኑ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላልና ከሥራችሁ ስፖንጅ አንጥፉ፤ ከክረምት በኋላ ወባ ስላለ አጎበር ወይም መረብ ያለው ድንኳን ያስፈልጋል። የከሰል ማንደጃ በምንም ምክንያት ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ቢጠፋ ቢመስልም ጋዙ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የገላኗ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመጨረሻ፣ ውሻው መንጠቆ ቢይዘውስ? ሊጥና ትል ይወዳል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪሟ
መንጠቆ ያለበት ዘንግ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ትሉም ክዳን ይኑረው። ከንፈሩ ላይ ከተሰካ ወደ ኋላ አትሳቡት፣ ሥጋውን ይቀደዋል። አፉን በፎጣ ያዙና ጫፉን ወደፊት ገፍታችሁ አውጡ፤ ወደ ኋላ የዞረው እሾህ ያለበትን ጫፉን በፒንሳ ቆርጣችሁ የቀረውን በመጣበት መልሱ። ከዋጠው ደግሞ ክሩ ከአፉ ተንጠልጥሎ ብታዩም አትጎትቱ፣ እንዲያስመልስም አታድርጉ። ክሩን አስረዝማችሁ ቁረጡና አንገትጌው ላይ አስራችሁ ሳይበላ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ክሩ መንጠቆው ያለበትን ቦታ ለማግኘት ይጠቅማል።