ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ደቡብ ውስጥ አነስተኛ አፓርታማ ስንገዛ ምን እንይ?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። ባልና ሚስት ነን፤ 36 እና 31 ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ቋሚ የሥራ ውል አለን። ሻርሎይስ ወይም ፌየኖርድ አካባቢ 55 ካሬ የሚሆን አፓርታማ በ250,000 ዩሮ ገደማ እየፈለግን ነው። ካጠራቀምነው ሌላ የእቁብ ገንዘብም አለን። ቤቱን የሚያሳየን ማከላር (የቤት ደላላ) ሁሉም ደህና ነው ይላል። እኛ ራሳችን ምኑን እንይ? ወጪውስ ምን ያህል ይደርሳል?

መልስ፣ ስለ ሕንፃው

ቤቱን የሚያሳያችሁ ማከላር የሻጩ ማከላር ነው፤ የሚከፍለውም ሻጩ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፣ ግን የእናንተን ጥቅም የማየት ኃላፊነት የለበትም።

አፓርታማ ስትገዙ በሕግ ወዲያውኑ የባለቤቶቹ ማህበር፣ የቬቬኤው አባል ትሆናላችሁ። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ደረጃው ቢፈርስ፣ መሠረቱ ቢሰምጥ ሂሳቡ በየድርሻችሁ ይመጣል። ስለዚህ የቀለሙንና የኩሽናውን ነገር ለጊዜው ተዉትና ከመጫረታችሁ በፊት የቬቬኤውን ወረቀት ጠይቁ፦ ስፕሊትሲንግስአክተውን (ሕንፃው በአፓርታማ የተከፋፈለበትን ሰነድ)፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ የዓመቱን ሂሳብ፣ የረጅም ጊዜ የጥገና ዕቅዱንና የሕንፃውን ኢንሹራንስ። በካመር ቫን ኮፕሃንደል (የንግድ ምክር ቤት) መመዝገቡንም አረጋግጡ።

ከሁሉም ቃለ ጉባኤውን በደንብ አንብቡት። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ነገር ሁሉ እዚያ አለ፤ አሳንሰሩ ስንቴ እንደተበላሸ፣ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ፣ ጣሪያው "ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ" እየተባለ ስንት ዓመት እንደቆየ።

ከ2018 ጀምሮ ቬቬኤ ለጥገና የግድ ገንዘብ ማስቀመጥ አለበት። ወይ በጥገና ዕቅዱ መሠረት፣ ወይ ደግሞ ሕንፃውን እንደገና ለመሥራት ከሚያስፈልገው ዋጋ ቢያንስ 0.5 በመቶ በየዓመቱ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሕንፃው እንደገና ቢሠራ 2 ሚሊዮን ዩሮ የሚፈጅ ከሆነ በዓመት 10,000 ዩሮ ነው። እኩል ድርሻ ላላቸው 10 ቤቶች ሲካፈል ለእያንዳንዱ በወር 83 ዩሮ ገደማ ይደርሳል፣ ያውም ለመጠባበቂያው ብቻ። ኢንሹራንሱ፣ ጽዳቱና የደረጃው መብራት ሌላ ነው። ማስታወቂያው "ሰርቪስኮስተን (የወር መዋጮ) 45 ዩሮ" ሲል ደስ አይበላችሁ። አንድ ቀን ጣሪያው ሲቀየር ቀሪውን በአንድ ጊዜ አምጡ ትባላላችሁ።

ሮተርዳም ደቡብ ውስጥ ሦስትና አራት ቤት ብቻ ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። ቬቬኤያቸው በወረቀት ላይ ይኖርና ስብሰባ የለ፣ መዋጮ የለ፣ የጋራ ኢንሹራንስ የለ። ብዙ ባንኮች እንዲህ ላለው ቤት ማበደር ያስቸግራቸዋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ቅይጥ ሕንፃ ነው፤ ግማሹ የተሸጠ፣ ግማሹ የዎኒንግ ኮርፖራሲ (ማኅበራዊ ቤቶችን የሚያከራይ ድርጅት) ኪራይ ቤት። ኮርፖራሲው አብዛኛውን ድምፅ ከያዘ ውሳኔው በተግባር የእሱ ነው። ጥገናው ብዙውን ጊዜ ሥርዓት ይኖረዋል፣ መዋጮ ግን ሲጨምር ማስቆም አትችሉም። ለእኔ ግን ከተኛ ቬቬኤ ይሄኛው ይሻላል።

መልስ፣ ስለ መሠረት

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ መሠረቱን ግን ለብቻው ላንሳው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት የሮተርዳም ቤቶች አብዛኞቹ የቆሙት በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። እንጨቱ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ አይበሰብስም። የከርሰ ምድር ውኃው ሲወርድ የምሰሶው ራስ አየር ያገኛል፣ ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። ብሉምሆፍና ሂለስላይስ በዚህ የታወቁ ሰፈሮች ናቸው።

ቤቱን ስታዩ ከውጭ ጀምሩ። በመስኮቶቹ ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ አለ? አዲስ የተለሰነ የግድግዳ መስመር አለ? ውስጥ ገብታችሁ በሮቹን ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ከላይ እንደ ሽብልቅ ቀጥኖ የተላገ በር ካገኛችሁ ፍሬሙ ዘሟል ማለት ነው። ትንሽ ኳስ ወለሉ ላይ አስቀምጡና ወዴት እንደሚንከባለል እዩ። የመሠረት ጥገና ለአንድ ቤት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሊያስወጣ ይችላል፤ የሚሠራውም ከጎረቤቶች ጋር በጋራ ነው። "ፉንዴሪንግሶንደርዙክ (የመሠረት ምርመራ) ተደርጓል ወይ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጌሜንተውንም (ማዘጋጃ ቤቱን) ስለ ብሎኩ ጠይቁ። ተራው የቤት ምርመራ፣ ቦውኩንዲኸ ኬሪንግ የሚሉት፣ ጥሩ ነው ግን ምሰሶውን ቆፍሮ አያይም።

የ1960ዎቹን ረጅም ፎቅ ከመረጣችሁ ጥያቄው ይለወጣል። በ2011 ሌዋርደን ውስጥ አንቲለንፍላት የተባለው ሕንፃ ላይ የኮንክሪት መተላለፊያዎቹ ተደርምሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ለእንዲህ ዓይነት ፎቆች ምርመራ ግዴታ የሆነው፤ የምርመራውን ውጤት ከቬቬኤው ጠይቁ።

መልስ፣ ስለ ገንዘቡ

የዕድሜያችሁን ነገር ልብ በሉት። ዕድሜው ከ18 እስከ 35 ያልሞላ ሰው ራሱ ሊኖርበት ቤት ሲገዛ ከኦፈርድራኽትስበላስቲንግ (የንብረት ዝውውር ግብር) አንድ ጊዜ ነፃ ይሆናል፤ በ2025 ጣሪያው የ525,000 ዩሮ ቤት ነበር፣ በየጃንዋሪው ይቀየራል። የሚቆጠረው ኖታሪስ (ውል አጽዳቂ) ዘንድ የምትረከቡበት ቀን ነው። ግማሽ ግማሽ ከገዛችሁ የ31 ዓመቷ ወይም የ31 ዓመቱ ድርሻ ነፃ ይሆንና በሌላው ግማሽ ላይ 2 በመቶ ትከፍላላችሁ፦ ከ250,000ው 2,500 ዩሮ።

ባንክ የሚያበድረው ቢበዛ ታክሳቲው (የቤቱ ግምት) እስከሚያወጣው ዋጋ ድረስ ነው። የተጠየቀው 235,000 ሆኖ እናንተ 250,000 ብታቀርቡና ገማቹ 240,000 ቢል፣ 10,000 ዩሮ ከኪሳችሁ ነው። በዚያ ላይ ግብሩ፣ የሂፖቴክ (የቤት ብድር) አማካሪው፣ ኖታሪሱ፣ ታክሳቲውና ምርመራው አለ፤ የራሳችሁን ማከላር ከቀጠራችሁም ይጨመራል። በጥቅሉ ከዋጋው ከ4 እስከ 6 በመቶ ያዙ። ኤንሃኼ የሚባለው የቤት ብድር ዋስትና (በ2025 እስከ 450,000 ዩሮ ለሆነ ቤት ነበር) ከብድሩ 0.4 በመቶ ያስከፍላል፣ ግን ወለዱን ስለሚቀንስ አትተዉት።

አሁን ወደ እቁቡ። ባንኩና ኖታሪሱ የራሳችሁ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ባንክ ማስገባት፣ በተለይ ከመግዣው ወር በፊት፣ ነገር ያወሳስባል። እቁባችሁ በባንክ ዝውውር ይሁን፤ ማን መቼ እንደጣለ፣ ዕጣው መቼ እንደወጣላችሁ የሚያሳይ ዝርዝርና የሰብሳቢው ፊርማ ያለበት ወረቀት አዘጋጁ። ደግሞ አንድ ነገር፦ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶላችሁ መጣል ከቀራችሁ ያ የወር ግዴታ ነው፤ ለአማካሪው ንገሩት። የዱዎ (መንግሥታዊው የተማሪ ብድር ሰጪ) የትምህርት ብድርም ቤካኤር (የብድር መዝገብ) ላይ ባይታይ መደበቅ አይቻልም፣ ቅጹ በግልጽ ይጠይቃል።

የመልስ ጥያቄ

ዋጋችንን ቢቀበሉንና ባንኩ እምቢ ቢለንስ?

መልስ

ለዚህ ነው ውሉ ላይ "ፎርበሃውድ ቫን ፊናንሲሪንግ" (ብድር ካላገኘን ውሉ ይፍረስ የሚል አንቀጽ) መጻፍ ያለበት፣ ከነመጨረሻ ቀኑ። እሱ ካለና በተባለው ቀን ውስጥ የባንኩን የእምቢታ ደብዳቤ ካቀረባችሁ ያለ ቅጣት ትወጣላችሁ። ያለ እሱ ከፈረማችሁ ቅጣቱ በተለምዶ የዋጋው 10 በመቶ ነው፤ በ250,000 ዩሮ ቤት 25,000። ተጫራች ሲበዛ "ያለ ፎርበሃውድ ብትገቡ ያሸንፋል" የሚላችሁ አይጠፋም። አማካሪው ሰነዶቻችሁን አይቶ ሳያረጋግጥ አደራ እንዳትሞክሩት። የፈረማችሁት ውል ቅጂ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለ፤ ምክንያት ሳትሰጡ መተው ትችላላችሁ።

ሌላ መልስ፣ ስለ ኑሮው

ከመፈረማችሁ በፊት የሕንፃውን የውስጥ ደንብ አንብቡ። ብዙ ቦታ ፓርኬት ለማንጠፍ ከሥሩ ድምፅ የሚቀንስ ንጣፍ ግዴታ ነው። የጋራ ቬንቲሌሽን ባለበት ሕንፃ ሞተር ያለው የወጥ ቤት አየር መሳቢያ ከጋራው ቱቦ ጋር አይገናኝም፤ የቁሌቱ ሽታ በሙሉ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ቅሬታውም ለቬቬኤ ይሄዳል። በከሰል ማጣሪያ የሚሠራውን ግዙ። ሜተርካስቱንም (የቆጣሪውን ሳጥን) ክፈቱ። አንድ ባለ 16 አምፔር መስመር የሚችለው 3,680 ዋት ገደማ ነው፤ የእንጀራ ምጣድና የልብስ ማጠቢያ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ይጠፋል። ለምጣዱ የራሱን መስመር ማስገባት የሚቻል መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

ኋላ ላከራየው የሚል ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ኦፕኮፕበስኸርሚንግ የሚባለው ሕግ ሰፈሩን ይነካው እንደሆነ ጌሜንተውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በተከለለ ሰፈር የተገዛ ርካሽ ቤት ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ያለ ጌሜንተው ፈቃድ አይከራይም።